ስድስት ሲደመር ስድስት፦ ግጥምና ሂሳብን በአንድ ክፍል ማስተማር፣ ደረጃ በደረጃ

ከዓመታት በፊት የማባዛት ሰንጠረዡን በግጥም አዘጋጅቼ ለ4ኛ ክፍል ልጆች አስተማርኩ። ዜማ ነበረው፤ ቤት ይመታል፤ ልጆቹም በአንድ ሳምንት ውስጥ በቃላቸው ያዙት። በሁለተኛው ሳምንት አንዷን ልጅ አስነሥቼ «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» አልኳት። ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ከ«ሰባት ጊዜ አንድ» ተነሥታ መዝሙሩን እየወረደች ነበር። ስምንት ላይ ስትደርስ «ሃምሳ ስድስት!» አለች። መልሱ ትክክል ነው። ልጅቷ ግን አላባዛችም፤ ዘመረች።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ኮሶን በማር ለውሶ እንደማጠጣት፣ ሂሳቡ የሚመር ነገር ነው ብዬ በግጥም ሸፈንኩት። እንዲህ ያለው ግጥም ሲሸመደድ ይኖራል እንጂ ለማሰብ አያነሣሣም። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን ሁሉ የደከምኩት በአማርኛ መሆኑ ነው። የአማርኛ ግጥም ከሥሩ የቆመው በቆጠራ ላይ ነው። ስንኙ የሚለካው በቀለም ብዛት ነው፤ ሐረጉ እኩል ይከፈላል፤ ቤቱ በየተወሰነ መስመር እየተመላለሰ ይመታል። መደመር፣ ማባዛት፣ ማካፈል፣ ቅጥ መፈለግ፣ ሁሉም ግጥሙ ውስጥ አለ። የመምህሩ ሥራ ልጆቹ እንዲያዩት ማድረግ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚሆን አካሄድ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም። እያንዳንዱን ደረጃ ቢያንስ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ስጡት፤ አንዳንዱ ሁለት ይፈልጋል። የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ የፊደል ገበታ፣ ለየቡድኑ አንድ እፍኝ የጠርሙስ ቆርኪ ወይም ባቄላ፣ ከዚያም የልጆቹ እጅ ነው። 50 እና 60 ልጅ በሚታጨቅበት ክፍልም ይሠራል፤ ጭብጨባ ቦታ አይፈልግምና።

ደረጃ 1፦ ፊደሉን ቁጠሩ፣ ቀለሙን አጨብጭቡ

በመጀመሪያ ልጆቹ በገበታው ፊት ይቁሙ። 33 ረድፍ፣ 7 ዓምድ። «እዚህ ላይ ስንት ፊደል አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ከ«ሀ» ጀምሮ በጣቱ ይነካል። ተዉት፤ እስኪደክመው ይቁጠር። ከዚያ አንዱ ልጅ «33 ጊዜ 7» ይላል። 231። ገበታችሁ «ቨ»ን የጨመረ ከሆነ 34 ጊዜ 7፣ 238 ይሆናል። ልጆቹ በየቀኑ ሲያዩት የኖሩት ገበታ የማባዛት ሥዕል መሆኑን የሚያውቁት ያኔ ነው። የዓምዶቹም ስም ቁጥር ነው፤ ካዕብ ሁለተኛ፣ ሣልስ ሦስተኛ፣ ራብዕ አራተኛ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል። ጊዜ ካላችሁ የምሥጢር ጽሑፍ አጫውቷቸው፦ «10ኛ ረድፍ 2ኛ ዓምድ፣ 14ኛ ረድፍ 4ኛ ዓምድ» ሲባል «ቡና» ብለው እስኪጮኹ። በኋለኞቹ ክፍሎች የሚመጣው የነጥብ አቀማመጥ እዚሁ ተጀመረ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ጭብጨባው። «ጀበና» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉና አንድ ላይ እያጨበጨባችሁ አንብቡ፤ ጀ፣ በ፣ ና። ሦስት ፊደል፣ ሦስት ጭብጨባ፤ አንዱ ጭብጨባ አንድ ቀለም ነው። ልጆቹ ቀላል መስሏቸው ይዝናናሉ። አሁን «ትምህርት» ብላችሁ ጻፉ። አምስት ፊደል ነው። አጨብጭቡት፤ ትም፣ ህርት። ሁለት! ክፍሉ ይንጫጫል። «ቲቸር፣ ሦስቱ የት ሄዱ?» ይላሉ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ ስሩ፦ ፊደል፣ ጭብጨባ፣ ልዩነት። «ክረምት» 4፣ 2፣ 2። «ብርቱካን» 5፣ 3፣ 2። «መስኮት» 4፣ 2፣ 2። «ትምህርት» 5፣ 2፣ 3። ልጆቹ የራሳቸውን ቃል እየጠሩ ይሙሉ፤ ሃያ ቃል ያህል ሲሞላ «የጠፉት ፊደላት ምን ያመሳስላቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። መልሱን አትንገሯቸው። ቢዘገይም ያገኙታል፦ የጠፉት ሁሉ ሳድስ ናቸው። የቀሩት ስድስት ዓምዶች ፊደላት አናባቢያቸውን ስለማይጥሉ እያንዳንዳቸው አንድ ጭብጨባ ይዘው ይቆማሉ።

እዚህ ላይ አንድ ፈጣን ልጅ «እንግዲያው ሳድስ አይቆጠርም» ብሎ ደንብ ያወጣል። ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን አትቀበሉት። «ክረምት» ውስጥ ያለው «ክ» ሳድስ ነው፤ ተቆጥሯል። «ትምህርት» ውስጥም «ት» መጀመሪያ ላይ ሲሆን ይቆጠራል፤ መጨረሻ ላይ ሲሆን ይዋጣል። የሚጠፋ ሁሉ ሳድስ ነው፤ ሳድስ ሁሉ ግን አይጠፋም። ይህን አረፍተ ነገር በደንብ የተረዳ የ10 ዓመት ልጅ በኋላ «ካሬ ሁሉ አራት ማዕዘን ነው፤ አራት ማዕዘን ሁሉ ግን ካሬ አይደለም» ሲባል አይደናገርም። እኔ በጂኦሜትሪ ሰዓት ሳስረዳ ከኖርኩበት መንገድ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ክርክር ቢነሣ አትፍሩ። «ኢትዮጵያ» የሚለውን አንዱ ሦስት፣ ሌላው አራት ጊዜ ያጨበጭባል፤ እንደ አነጋገሩ ነው። ቀስ ብለው ይበሉት፣ ያዳምጡ፣ ምክንያታቸውን ይናገሩ። አፋቸውን በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የፈቱ ልጆች ካሉ የራሳቸውን ቃል ያምጡ፤ ጭብጨባው ለሁሉም ያገለግላል። በውጭ አገር የቅዳሜና የእሑድ አማርኛ የምታስተምሩ ደግሞ በዚህ ደረጃ ላይ ረዘም አድርጋችሁ ቆዩ። አማርኛን ከመስማት ይልቅ በማንበብ የሚማር ልጅ እያንዳንዱን ሳድስ ለይቶ «ት-ም-ህ-ር-ት» ይላል፤ ጭብጨባው አነጋገሩንም ያቃናለታል።

ደረጃ 2፦ ስንኙን ክፈሉት

የአማርኛ ግጥም የሚለካባቸው ስልቶች ብዙ ናቸው። ከሁሉ የተለመደው የወል ቤት ነው፤ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም አለው፣ መሐል ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ በየሐረጉ ስድስት ስድስት። ለክፍሌ የጻፍኩትን ላሳያችሁ፦

ማለዳ ተነሥታ፣ እንቁላል ለቀመች፤
ከሦስቱ ዶሮዎች፣ አራት አራት ያዘች።

የመጀመሪያውን ስንኝ ልጆቹ ሳያጨበጭቡ በፊት ፊደሉን ይቁጠሩ፤ 16 ነው። በደረጃ 1 ባገኙት መሠረት ስንቱ ሳድስ እንደሚዋጥ ይገምቱ፤ ግምታቸውን ይጻፉ፤ ከዚያ ያጨብጭቡ። ሥ፣ ን፣ ል፣ ች ይዋጣሉ። 16 ሲቀነስ 4፣ 12። ሁለተኛው ስንኝ 17 ፊደል አለው፤ 5 ይዋጣል፤ እሱም 12። ፊደሉ የተለያየ፣ ቀለሙ እኩል መሆኑ ልጆቹን ያስገርማቸዋል፤ ጆሯቸው የሚያውቀውን ነገር ቁጥር ሲያረጋግጥላቸው አዩ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መገመት፣ መጻፍ፣ ማጨብጨብ፣ ማነጻጸር። ግምት የሌለበት ጭብጨባ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ቆርኪዎቹን አውጡ። ለአንድ ስንኝ 12 ቆርኪ፣ በሁለት መደብ ስድስት ስድስት። ሁለት ስንኝ ሲሆን ከሥሩ ሌላ ረድፍ፤ 24። አራት ስንኝ 48። የማባዛት ሰንጠረዡ ከግጥሙ ውስጥ ወጥቶ ዴስኩ ላይ ተደረደረ። ከዚያ ወደ ኋላ ጠይቁ፦ «60 ቀለም ያለው ግጥም ስንት ስንኝ ነው?» «በ40 ቀለም የወል ቤት ግጥም መጻፍ ይቻላል?» ለሁለተኛው ጥያቄ ሦስት ስንኝ ጨርሰው አራት ቆርኪ ይተርፋቸዋል፤ ቀሪ ማለት በእጅ የሚነካ ነገር ሆነ።

ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል አንድ እርምጃ ጨምሩ። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሚታወቅበት፣ በስሙም «የጸጋዬ ቤት» የተባለው ስልት ስንኙን በ16 ቀለም፣ ስምንት ስምንት አድርጎ ይከፍላል። «96 ቀለም ቢሰጣችሁ በወል ቤት ስንት ስንኝ ትጽፋላችሁ? በጸጋዬ ቤትስ?» 8 እና 6። ቀጥሎ፦ «አንዱ በወል ቤት፣ ሌላው በጸጋዬ ቤት መጻፍ ጀመሩ። ሁለቱም ስንኛቸውን ሞልተው እኩል ቀለም ላይ መጀመሪያ የሚገናኙት ስንት ላይ ነው?» 48 ላይ፣ አንዱ በአራት ስንኝ፣ ሌላው በሦስት። ትንሹ የጋራ ብዜት ማለት ይህ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለውን ትርጉም ከዚህ በኋላ ያንብቡት፤ ያኔ ይገባቸዋል።

ደረጃ 3፦ የቤቱን ቅጥ ፈልጉ

ይህ ደረጃ አጭር ነው። የስንኞቹን መጨረሻ ፊደል ብቻ ዝርዝር አድርጋችሁ ጻፉ። ሁለት ሁለት እየሆነ ቤት የሚመታውን «ሀሀለለ»፣ እየተፈራረቀ የሚመታውን «ሀለሀለ» በሉት። ከዚያ «ሀለሀለ እያለ ቢቀጥል 17ኛው ስንኝ በምን ይጨርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። 17 ጎዶሎ ስለሆነ በ«ሀ»። «ሀሀለለ ከሆነስ 23ኛው?» እዚህ ላይ ጎዶሎና ሙሉ አይበቃም፤ 23ን ለአራት ማካፈል ያስፈልጋል። አምስት ጊዜ ደርሶ ሦስት ይቀራል፤ ሦስተኛው ቦታ «ለ» ነው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ትልልቅ ቁጥር እየተጠያየቁ፣ «እንቆቅልህ!» «ምናውቅልህ!» እየተባባሉ ይጫወቱት፤ ያልቻለው አገር ይስጥ።

ደረጃ 4፦ ላምና በሬ

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ አትቸኩሉበት።

ሁለት ቃል ብቻ ያዙ። «ላም» አንድ ጭብጨባ ነው። «በሬ» ሁለት። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ በእነዚህ ሁለት ቃላት ብቻ አራት ጭብጨባ የሚሞላ ሐረግ በስንት መንገድ ይሠራል? ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ከትንሹ ጀምሩ። አንድ ጭብጨባ፦ «ላም» ብቻ፤ 1 መንገድ። ሁለት ጭብጨባ፦ «ላም ላም» ወይም «በሬ»፤ 2። ሦስት ጭብጨባ፦ «ላም ላም ላም»፣ «በሬ ላም»፣ «ላም በሬ»፤ 3። በዚህ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ «አራት ደግሞ 4 ነው!» ይላል። እሺ በሏቸውና ይሞክሩት። ላም ላም ላም ላም። በሬ ላም ላም። ላም በሬ ላም። ላም ላም በሬ። በሬ በሬ። 5 ሆነ። አንዳንዱ ልጅ ተሳስቻለሁ ብሎ እንደገና ይቆጥራል። ተሳስቶ እንዳልሆነ ራሱ እስኪያምን ይቁጠር፤ ቅጥ ታየኝ ብሎ መቸኮል እንደማይበቃ የሚማረው አሁን ነው።

ወደ አምስት ጭብጨባ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «የሐረጉ የመጨረሻ ቃል ምን ሊሆን ይችላል?» ሁለት ምርጫ ብቻ ነው። የመጨረሻው «ላም» ከሆነ ከፊቱ አራት ጭብጨባ ቀርቷል፤ አራትን በ5 መንገድ መሙላት እንደሚቻል አይተናል። የመጨረሻው «በሬ» ከሆነ ከፊቱ ሦስት ቀርቷል፤ ሦስትን በ3 መንገድ። 5 ሲደመር 3፣ 8። ሳይዘረዝሩ አወቁት! ከዚያ ዘርዝረው ያረጋግጡ። ስድስት ጭብጨባ 8 ሲደመር 5፣ 13። ስድስት ደግሞ የወል ቤት የአንዱ ሐረግ ልክ ነው። እንግዲህ አንዱን ሐረግ በላምና በሬ ብቻ በ13 መንገድ መሙላት ይቻላል ማለት ነው፤ ሙሉውን ስንኝ ደግሞ 13 ጊዜ 13፣ 169 መንገድ። አንዲት ልጅ ይህን ሰምታ «በሁለት ቃል ብቻ ይህን ያህል ከሆነ ግጥም አያልቅም ማለት ነው» አለችኝ።

1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 የሚለውን ሰልፍ ብዙ ሰው በጣሊያናዊው ፊቦናቺ ስም ያውቀዋል፤ ሰልፉ የሚገኝበት መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1202 ነው። ከእሱ በፊት፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሄማቻንድራ የተባለ የህንድ ሊቅ ይኸንኑ ሰልፍ ጽፎታል፤ የደረሰበትም በግጥም ነው። የሳንስክሪት ስንኝ አጭርና ረጅም ቀለም አለው፤ አጭሩ አንድ ምት፣ ረጅሙ ሁለት ምት ይይዛል። ይህን ያህል ምት በስንት ዓይነት አደራደር ይሞላል ብሎ ጠየቀ። የእኛ ልጆች በላምና በሬ የጠየቁት ጥያቄ ነው። ይህን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ግጥም ቆጣሪ ሰዎች ሂሳብ ውስጥ የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው ይወቁ።

የቀረው ጊዜ ለመሰላል ግጥም ይሁን። ግሪጎሪ ፒንከስ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2006 «ፊብ» ብሎ ያስተዋወቀው ቅርጽ ነው፤ የስንኞቹ ቀለም 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያለ ያድጋል። በአማርኛ ሲሠራ እንዲህ ነው፦

ዛፍ
ቁም
ጥላ
ሁንልን
ለደከመው ሰው
እኛም ውኃ ቀድተን መጣን።

ልጆቹ እያንዳንዱን መስመር ያጨብጭቡ፤ ድምሩ 20 ነው። የራሳቸውን ሲጽፉ በጣም የሚቸገሩት በአንድ ቀለም መስመር ላይ ነው። አንድ ጭብጨባ ብቻ የሆኑ ቃላትን አስቀድመው ይሰብስቡ፦ ሰው፣ ቤት፣ ቀን፣ ልብ፣ ሣር፣ ወፍ። ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ደረጃ 5፦ ሰሙን ከወርቁ ለዩ

ልጆችን በቃላት የተጻፈ ሂሳብ የሚያስቸግራቸው ማባዛት ስለማይችሉ አይደለም። ከወሬው ውስጥ ቁጥሩን መለየት ስለሚያቅታቸው ነው። ለዚህ ቋንቋችን መድኃኒት አለው፤ ሰምና ወርቅ። ወርቅ አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና ወርቁን ያፈስስበታል። ልጆቹ ይህን ሥራ ይስሙ፤ ከተቻለም በሥዕል ይዩት። ከዚያ የእንቁላሉን ግጥም እስከ መጨረሻው ስጧቸው፦

ማለዳ ተነሥታ፣ እንቁላል ለቀመች፤
ከሦስቱ ዶሮዎች፣ አራት አራት ያዘች።
ሁለቱ ተሰብረው፣ መንገድ ላይ ቢቀሩ፣
ለገበያ ስንት ነው? በሉና ቁጠሩ።

ደብተራቸውን ለሁለት ይክፈሉት። በአንዱ ወገን ሰሙን፦ ማን፣ የት፣ ምን ሆነ። በሌላው ወገን ወርቁን፦ 3 × 4 − 2 = 10። «ማለዳ» የሚለው ቃል ወርቁ ውስጥ አለ? የለም። «አራት አራት» የሚለውስ? አለ፤ ማባዛቱን የነገረን እሱ ነው። ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ «አራት» ቢሆን መልሱ እንዴት ይለወጣል? በዚህ ጥያቄ ላይ በደንብ ቆዩ።

ይህን ግጥም መጀመሪያ ሳቀርብ ከኋላ የተቀመጠ፣ ቤተሰቡ ዶሮ የሚያረባ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ዶሮ በቀን አራት አትጥልም!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በቀን ከአንድ አታልፍም። ስሌቱ ልክ ነው፣ ነገሩ ግን ሐሰት ነው። «እንግዲያው አስተካክሉልኝ» አልኳቸው። ችግሩ «ዶሮዎች» ሦስት ቀለም መሆኑ ነው፤ የሚተካው ቃልም ሦስት መሆን አለበት። «እንቅብ» አሉ፤ ሁለት ሆኖ ጎደለ። «ቅርጫት» አሉ፤ እሱም ሁለት። «ቅርጫቶች!» አለ ያው ልጅ፤ አጨበጨበው፤ ቅር፣ ጫ፣ ቶች። አምስት ፊደል፣ ሦስት ቀለም። «ከሦስቱ ቅርጫቶች፣ አራት አራት ያዘች።» ክፍሉ በሙሉ አብሮ አጨበጨበ። እናንተም ስታስተምሩ ግጥሙን እንዳለ ከነዶሮዎቹ አቅርቡት፤ ስህተቱን ልጆቹ ያግኙት። መልስ ካገኙ በኋላ «ይህ ሊሆን ይችላል?» ብሎ መጠየቅ በሂሳብ ትምህርት ውስጥ ከሚዘነጉት ነገሮች ዋናው ነውና።

በቅኔው ሙያ ሰምና ወርቅ ከዚህ የጠለቀ ነው፤ አንዱ ቃል ራሱ ሁለት ፍቺ ይሸከማል። ለትልልቆቹ ልጆች ይህንንም በቁጥር አሳዩአቸው፦

ሠላሳ ቀን በልቶ፣ በሬያችን ሰባ፤
ሁለቱን ደምሩት፣ መቶ ሆኖ ገባ።

«ሰባ» ሲጠብቅ በሬው ወፈረ ማለት ነው፤ ሲላላ 70። 30 ሲደመር 70፣ 100። ወርቁን ያገኘ ልጅ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ። ጥንድ ፍቺ ያላቸው የቁጥር ቃላት ፈልጉ ብላችሁ የቤት ሥራ ስጡ፤ ወላጆችና አያቶች ሳይቀሩ ይገቡበታል።

የህንዱ ባስካራ እ.ኤ.አ. በ1150 አካባቢ «ሊላቫቲ» የተባለ የሂሳብ መጽሐፍ ሲጽፍ ጥያቄዎቹን በግጥም ነው ያስቀመጠው። ከእነሱ አንዱ ስለ ንብ መንጋ ነው። ከመንጋው አንድ አምስተኛው ወደ አንድ አበባ፣ አንድ ሦስተኛው ወደ ሌላ አበባ ሄደ፤ የሁለቱ ልዩነት ሦስት እጥፍ ወደ ሦስተኛ አበባ በረረ፤ አንዲት ንብ ቀረች። ለ6ኛ ክፍል ልጆች ስጡት። መልሱ 15 ነው፤ 3፣ 5፣ 6 እና 1። ከዚያ የንቡን ታሪክ በአራት ስንኝ በወል ቤት እንዲገጥሙት አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ልጆቹ ይጻፉ

አምስት አምስት ሆነው ይቀመጡ። ትእዛዙ አጭር ይሁን፦ ሁለት ወይም አራት ስንኝ፣ በወል ቤት፣ ውስጡ አንድ ስሌት። ከስሌቱ ይጀምሩ እንጂ ከግጥሙ አይጀምሩ። መጀመሪያ ወርቁን ይጻፉ፣ ለምሳሌ 8 − 3 = 5፤ ቀጥሎ ይህ ቁጥር የት እንደሚኖር ያስቡ፤ ሰሙን በመጨረሻ ያበጁ። ከግጥሙ የጀመሩ ቡድኖች ቤት ለመምታት ሲሉ ቁጥሩን ሲያበላሹ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አሠራሩን ለማሳየት ይህ ይበቃል፦

እማማ ዳቦውን፣ ለስምንት ቆረሱ፤
ሦስቱን እኛ በላን፣ አምስቱን መለሱ።

«ከዳቦው ስንት እጅ ተበላ?» ሲባል ሦስት ስምንተኛ። ሁለት ስንኝ ናት፤ ክፍልፋይ ግን ሙሉ በሙሉ አለበት።

ቡድኑ ውስጥ ሥራ ይከፋፈል፦ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ አጨብጫቢ፣ አንዱ ስሌቱን አረጋጋጭ፣ አንዱ ቤት ጠባቂ፣ አንዱ አንባቢ። በሂሳብ ዝምተኛ የነበረ ልጅ ቤት ጠባቂ ሲሆን አፉ ይፈታል፤ በቋንቋ ሰዓት የሚያፍረውም አረጋጋጭ ሆኖ ሲመረጥ ቀና ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ ሚናውን አዘዋውሩ። ቡድኖቹ ግጥማቸውን ተለዋውጠው አንዱ የሌላውን ያስላ። መልሱ ካልወጣ ጥያቄው ጎዶሎ ነው ማለት ነው፤ ወደ ደራሲዎቹ ይመለስ።

ስለ ማረም አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በቀይ ብዕር ግጥሙ ላይ አትጻፉ። ስንኙ 13 ቀለም ቢሆን «ትርፍ አለ» ብላችሁ እንደገና እንዲያጨበጭቡ መልሷቸው፤ ትርፉን ራሳቸው ያግኙት። ማርክ መስጠት ካለባችሁ ለስሌቱ ብቻ ስጡ። ግጥሙ ይነበብ፣ ይጨብጨብለት፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ልጅ የጻፈው ስንኝ ላይ ከ10 ስንት ብሎ መጻፍ እጁን ያስራል፤ የታሰረ እጅ ደግሞ ሂሳቡንም አይሞክርም።

በቤተ ክህነት የቅኔ ትምህርት ተማሪው በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስቱ ዘአምላኪየ ያድጋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ስንኙ መወድስ ይደርሳል። ይህ ከጥቂቱ ወደ ብዙው የመውጣት ሥርዓት ለእኛም ክፍል ይሆናል። አንደኛው ወሰነ ትምህርት በሁለት ስንኝ ይለቅ። አራቱ ለሁለተኛው ይቆይ።

የነገው የሂሳብ ክፍለ ጊዜያችሁ ምን እንደሆነ አላውቅም። መግቢያው ላይ ግን አምስት ደቂቃ አትርፉና «ትምህርት» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉ። አምስት ፊደል፣ ሁለት ጭብጨባ። «ሦስቱ የት ሄዱ?» ብለው ይጠይቋችሁ።